ውክልና የማይቀበለው መንገደኛ

አንድ አገር ነበር፤ በዚያ አገር የሰው ክብር የሚለካው እግሩ መሬት ባለመንካቱ ነበር። ተራው ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ነጋዴው በበቅሎ ይጓዛል፤ ሹም የሆነውን ግን ከነወንበሩ ተሸክመውት ይዞራሉ። ሹም ቆሞ ከታየ ሰው ይደነግጣል፤ ሲራመድ ከታየ ደግሞ «ተሽሮ ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል።

ከዚህ የተነሣ አገሬው ሌላ ልማድ አበጅቶ ነበር። እያንዳንዱ ሹም ጫፉ በብር የተለበጠ ዘንግ ነበረው። ሹሙ ራሱ ሊደርስበት ወዳልፈለገው ስፍራ ሁሉ ዘንጉን ለወኪሉ አስይዞ ይልካል፤ ዘንጉን የያዘ ሰው እንደ ሹሙ ይቆጠራል። ለቅሶ የሚደርሰው ዘንጉ ነው፤ ሠርግ የሚታደመው ዘንጉ ነው፤ የታመመ የሚጠይቀውም ዘንጉ ነው። ሰዎች ለዘንጉ እጅ ይነሣሉ፤ ዘንጉን በክብር ቦታ አስቀምጠው ይጋብዛሉ። የሚበላው በእርግጥ ወኪሉ ነበር።

ከሹሞቹ ሁሉ የተከበረው መርዕድ የሚባል ዳኛ ነው። ሕግ ያውቃል፤ በፍርዱ አያዳላም፤ ሰውነቱን ግን ለሌሎች ትከሻ አስረክቦ ነበር። ጠዋት ከአልጋው አንሥተው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ ወንበሩን ተሸክመው ከችሎት ያደርሱታል፤ ከችሎት መልሰው ሰፊው ሜዳ ቁልቁል በሚታይበት ሰገነቱ ላይ ያኖሩታል። ወኪሉ ጓንጉል የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ ሲሆን፣ በየድግሱ ስለ ዳኛው ሲበላ ኖሮ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ዳኛው የውብዳር የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ባሏ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ አናት ላይ የሚኖር ገበሬ ነው። ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ቀጭንና ገደላማ በመሆኑ ወንበር ተሸካሚዎች አይወጡትም። ባገባች ጊዜ እስከ አዲሱ ቤቷ የሸኛት ዘንጉ ነበር። የበኩር ልጇን በወለደች ጊዜም ዳኛው ዘንጉን ላከ። በዚያ አገር ለበኩር ልጅ ስም የሚያወጣለት የእናቱ አባት ነው፤ ስሙን በሕፃኑ ጆሮ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ከዚያ በፊት ሕፃኑን ማንም በስም አይጠራውም።

ጓንጉል በዚያን ቀን ምንም ሳይበላ ተመለሰ።

«ምን አለች?» ሲል ዳኛው ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ እንዳለችው ልናገር ወይስ አሳምሬ?»

«እንዳለችው ተናገር።»

«‹እንጨት ለልጄ ስም አያወጣም። አባባ ራሳቸው እስኪመጡ ድረስ ልጄ ስም አልባ ሆኖ ይቆያል› ብላለች። በሩንም አፍንጫዬ ላይ ነው የዘጋችው።»

ዳኛው ከንፈሩን ነከሰ። «ተራራው ዝቅ ሲልልኝ እመጣለሁ በላት» አለ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኑ ሳይወድ በግድ ወደ ተራራው አናት ይሄድ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ዳኛው በሰገነቱ ላይ ብቻውን ሳለ ነፋስ ኩታውን ከትከሻው ገፎ ወደ ጥግ ጣለው። የሚጠራው ሰው በአቅራቢያው ስላልነበረ ራሱ ተነሣ። ኩታውን አንሥቶ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ደረቱ ተጨመደደ። እንደምንም ተቀምጦ ዓይኑን ሲገልጥ፣ የሜዳው መንገድ ከሰማይ ጋር በሚገጥምበት ዳርቻ ላይ አንድ መንገደኛ ወደ ከተማዋ ሲመጣ አየ። ሰውየው ነጭ ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፤ በትከሻው ላይ ረጅም ዱላ የሚመስል ነገር አጋድሟል። ወቅቱ በጋ ነበርና በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ፣ ፍየል እንኳ ሳትቀር፣ አቧራ ያስነሣል። ከዚህ ሰው እግር ሥር ግን አቧራ አይነሣም ነበር።

በማግስቱ ዳኛው ቀና ሲል መንገደኛው ሜዳው መካከል ካለችው ዋርካ አጠገብ ደርሶ አየው። ሙሉ ቀን ሳያርፍ ሲራመድ ይውላል፤ የሚቀርበው ግን ጥቂት ብቻ ነው። ዳኛው ተሸካሚዎቹን ጠርቶ አሳያቸው።

«ሜዳው ባዶ ነው፣ ጌታዬ» አሉት።

ባዶ አለመሆኑን ያወቀችው በግቢው የታሰረችው በቅሎ ብቻ ነበረች። ጆሮዋን አቁማ ወደ ዋርካዋ ስትመለከት ትውልና ሣር አልቀምስም ትላለች። መንገደኛው ወደ ድልድዩ በተቃረበ ጊዜ ዳኛው ሌላ ነገር አስተዋለ፦ በትከሻው ላይ ያጋደመው ነገር አንድ ዱላ አልነበረም። ሁለት ነበሩ፤ በመካከላቸውም የተጠቀለለ ጨርቅ አለ። ነፋሱ ወደ ሰገነቱ ሲነፍስ ደግሞ ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ያንጎራጉር ነበር።

ዳኛው በከተማዋ የታወቀችውን መድኃኒት አዋቂ እመት ስኂንን አስጠራ።

«እመት ስኂን፣ አንድ ሰው እየመጣብኝ ነው» አላት።

እሷ ወደ ሜዳው አልተመለከተችም። የእጁን ሥር ይዛ አዳመጠች፤ ጆሮዋን በጀርባው ላይ አድርጋ ቆየች፤ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ እግሩ እብጠት በተራ በተራ ጠየቀችው።

«ይመጣል እንጂ» አለች በመጨረሻ። «ልብዎ ክፉ አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ ነው። ሥራ የፈታ ልብ ጥቂት ነገር ሲያዙት እንኳ ይደነግጣል።»

«መድኃኒቱስ ምንድን ነው?»

«እግርዎ ነው። ከነገ ጀምሮ በየማለዳው ይራመዱ። መጀመሪያ እስከ ቁልቋሉ አጥር ብቻ ሄደው ይመለሱ፤ ሰውነትዎ ሲለምድ እስከ ወፍጮ ቤቱ፤ ከዚያም እስከ ድልድዩ። እርምጃዎ ልብዎን የሚያነቃ፣ ትንፋሽዎን ግን የማይነጥቅ ይሁን። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነዎት። መዝፈን ከቻሉ አዝግመዋል፤ ማውራት ካቃተዎ ፈጥነዋል። ደረትዎን ከወጋዎ ደግሞ ባሉበት ቆመው ያስጠሩኝ።»

ዳኛው እንደ ምስክር ቃል በጥሞና አዳመጣት። ከዚያም ወደ በሩ ዞር ብሎ፣ «ጓንጉል! ሰምተሃል? ከነገ ጀምሮ ትራመዳለህ!» አለ።

እመት ስኂን ቅንድቧን አነሣች። «እኔ የነገርኩት ለእርስዎ ነው።»

«ዘንጉን ይዞ ነው የሚራመደው። ዘንጉን የያዘ ደግሞ በሕግ እኔ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ጤናውንም ዘንጉን ለያዘው መስጠትዎ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ጓንጉል እያጉረመረመ ጀመረ። ሰነባብቶ ግን ማጉረምረሙን ተወ። ቀበቶውን ወደ ውስጥ ያጠብቅ ጀመር፤ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ቀረ፤ ፊቱ ወዝ አወጣ። በየመንገዱ የሚያገኙት ሰዎች ለዘንጉ እጅ ነሥተው፣ «ዳኛው ምንኛ አማረባቸው!» ይሉ ነበር። ዳኛው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። በሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲመለከት ግን መንገደኛው ድልድዩን ተሻግሮ ነበር።

አንድ ማለዳ ጓንጉል ከእርምጃው ተመልሶ ዘንጉን እየወለወለ ሳለ ሳያስበው ማንጎራጎር ጀመረ። የዳኛው ፊት አመድ መሰለ።

«ይህን ዜማ ከማን ሰማኸው?»

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስደርስ አንድ ሰው ሲያንጎራጉር የሰማሁ መሰለኝ። ዞር ብል ማንም የለም። ዜማው ግን አፌ ላይ ቀረ።»

«ሁለተኛ በፊቴ እንዳታዜመው!»

«እሺ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። ከቤት ሲወጣ ግን ያው ዜማ ተከትሎት ወጣ።

የገበያ ቀን ደረሰ። ተሸካሚዎቹ ዳኛውን በሰገነቱ ላይ አስቀምጠው ገበያ ወረዱ። ጓንጉል ስለ ዳኛው ሊራመድ ወጥቷል። ማለዳው ብሩህ ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና እንኳ አልነበረም። ዳኛው ወደ ሜዳው ተመለከተ፤ ማንም የለም። ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለከተ፤ ማንም የለም። መንገዱ ሁሉ ባዶ መሆኑን ሲያይ እፎይ አለ። በዚህ ጊዜ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ወደ ጓሮ ሸሸች፤ የሰገነቱ ደረጃም በእርጋታ ሲረገጥ ተሰማ።

መንገደኛው ከፊቱ መጥቶ ቆመ። ጋቢው ንጹሕ ነበር። እግሩም ንጹሕ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ተረከዙ ላይ አንዲት የአፈር ቅንጣት አልነበረችም።

«ማን አስገባህ?» አለ ዳኛው።

«የከለከለኝ አልነበረም። አንተም ስመጣ ታየኝ ነበር።»

ዳኛውን ከሹመቱ ጀምሮ «አንተ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ዛቻም የለም። ይህ ይበልጥ አስፈራው።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ቃሬዛ ነው። በሸክም መሄድ ትወዳለህ ሲሉ ሰማሁ።»

ዳኛው በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ሕግ አዋቂነቱ አልተወውም። «ቃሬዛ የሚያዘው ለሁለት ነው። አንተ ብቻህን ነህ» ሲል ተከራከረ።

«ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልኝ ጎረቤት አጥቼ አላውቅም።»

«ለምን ታሳድደኛለህ? ምን በደልኩህ?»

«አሳድጄህ አላውቅም። በተወለድክበት ቀን መንገድ ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬም እርምጃዬን አንድ ቀን አላፈጠንኩም። የተቀመጥከው አንተ ነህ።»

«እኔ አልተቀመጥኩም! ወኪል አለኝ። በየማለዳው ይራመዳል፤ ዘንጌን ይዟል።»

«አውቀዋለሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተላልፈናል። ብርቱ ሰው ሆኗል። የእሱ መንገደኛ ግን ሌላ ነው፤ ገና ከሜዳው ወዲያ ነው ያለው።»

ይህን ብሎ ቃሬዛውን ከትከሻው አወረደና የተጠቀለለውን ጨርቅ በጥንቃቄ፣ እንደሚነጠፍ አልጋ፣ ይዘረጋ ጀመር። ማንጎራጎሩንም ቀጠለ። ዳኛው ያን ጊዜ ስለ ሹመቱ አላሰበም፤ ስለ ችሎቱም አላሰበም። በተራራው አናት ላይ ስም ሳይወጣለት የሚያለቅስ አንድ ሕፃን ትዝ አለው። እጁን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ ተነሣ። ግድግዳውን እየተደገፈ በኋለኛው በር ወጣ።

ከአጥሩ እንዳለፈ መሮጥ ጀመረ። ዘመኑን ሁሉ ተቀምጦ የኖረ ሰው የዘመኑን ዕዳ በአንድ ትንፋሽ ሊከፍል ፈለገ። ብዙ ሳይርቅ ዓለም ዞረበት፤ ደረቱ ተጨመደደ፤ ወደቀ። ቀና ሲል መንገደኛውን ከጎኑ ቁጭ ብሎ አየው። አላለከለከም። ቃሬዛውን ከዳኛው ጋር ጎን ለጎን አስተካክሎ ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር።

ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ተጋደመ። የእመት ስኂን ቃል መጣለት። ሕመሙ ጋብ እስኪልና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ፤ ከዚያም በቀስታ ተነሥቶ መራመድ ጀመረ። የሚያወራው ሰው ስላልነበረ ለልጅ ልጁ ስም ይፈልግ ጀመር፤ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይጠራል። የአንዱን ስም ግማሽ ሲውጠው እርምጃውን ያቀዘቅዛል። ሙሉ ስም ሳይቆራረጥ ሲወጣለት በዚያው እርምጃ ይቀጥላል። ከኋላው የሚከተለው እንጉርጉሮ መጀመሪያ ጆሮው ሥር ነበር፤ ቀጥሎ ከጀርባው ሆነ፤ ቀጥሎ ጥቂት ራቀ።

በመንገዱ ላይ ጓንጉልን አገኘው። ጓንጉል ደንግጦ ዘንጉን ሊጥለው ደረሰ።

«ጌታዬ! ተሽረዋል እንዴ?»

«ዘንጉን እዚያው አስቀምጠውና ከጎኔ ሂድ። ወደ እመት ስኂን ቤት ነው። እየሄድን አውራኝ።»

«ስለ ምን ላውራ?»

«የፈለግከውን። ብቻ መልስ የሚያሻ ነገር ይሁን።»

«እንግዲያው በእርስዎ ምትክ ሠርግ ቤት የበላሁትን ልናገር?»

«እሱን ከጀመርክ ድልድዩም አይበቃን» አለ ዳኛው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ለመሳቅ የሚበቃ ትንፋሽ እንዳለውም ተገነዘበ።

እመት ስኂን መርምራ መድኃኒት አጠጣችው፤ ስለ ሩጫውም ገሠጸችው። «ልብ በአንድ ቀን ድል የሚነሡት ጠላት አይደለም» አለችው። ጥቂት ቀን አሳርፋ ከቁልቋሉ አጥር አስጀመረችው። ከዚያ ወዲህ ዳኛው በየማለዳው ከጓንጉል ጋር ይወጣ ነበር። ከተማዋ ሳቀችበት። አንድ ሹም ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያልፍ፣ «ዳኛ መርዕድ፣ በቅሎ ላውስዎ?» ብሎ ቀለደበት። ዳኛውም፣ «በቅሎዋ ስለ እኔ ከተነፈሰችልኝ እሺ» ሲል መለሰለት።

ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ በሰገነቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ የበዓል ሰሞን እንግዳ ሲያስተናግድ እርምጃውን ተወ። በዓሉ አልፎ ወደ ሜዳው ቢመለከት፣ እስከ ዋርካዋ አፈግፍጎ የነበረው መንገደኛ ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር። ዳኛው ማንንም አልወቀሰም። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

በጋው በተመለሰ ጊዜ አንድ ማለዳ፣ ዘንጉን ጓንጉል መልሶ ከሰቀለበት ሳያወርድ፣ የተራራውን መንገድ ያዘ። በየመዞሪያው እያረፈ፣ ትንፋሹን እያዳመጠ ወጣ። የልጁን በር አንኳኳ።

«ማነው?» አለች የውብዳር ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

ድምፁን ያለ ተሸካሚዎች ጫጫታ ሰምታው አታውቅምና አልለየችውም። «የማን መልእክተኛ ነዎት?» ስትል ጠየቀች።

«የማንም አይደለሁም፣ የውብዳር። ራሴ ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። ልጁ በመጀመሪያ የተመለከተችው እጁን ነበር፤ ዘንግ አልያዘም። ቀጥሎ እግሩን ተመለከተች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ለብሷል። ልታጥበው ውሃ ይዛ ስትመጣ፣ «ቆይ፣ ልጄ። አቧራውን ጥቂት ልየው» አላት። ከዚያም ሕፃኑን ተቀበላትና በጆሮው «ደረሰ» ብሎ ሰየመው።

አያትና የልጅ ልጅ ደጃፉ ላይ ሆነው ሜዳውን ቁልቁል ተመለከቱ። በሩቁ፣ መንገዱ ከሰማይ ጋር በሚገጥምበት ዳርቻ፣ ነጭ የለበሰ ሰው በዚያው በማይለወጥ እርምጃው ይራመድ ነበር።

«አባባ፣ ምን ያያሉ?» አለች የውብዳር ከኋላቸው።

«አንድ የማውቀውን ሰው።»

«ወደ እኛ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል። እሱ አይቸኩልም፤ እኔም ተቀምጬ አልጠብቀውም።»

ሕፃኑ ደረሰ ግን የሚያየው ያንን ሰው አልነበረም። አንገቱን አቅንቶ ከዚያ ወዲያ፣ እጅግ በጣም ወዲያ፣ ገና መንገድ የጀመረች አንዲት ነጭ ነጥብ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ታሪክ ትርጉም የተሰወረ አይደለም። ብዙ ሥራችንን በሌሎች እጅ ማሠራት እንችላለን፤ ልባችን ግን ውክልና አይቀበልም። ሌላው ሲራመድ የሚጠነክረው የሌላው ልብ ነው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የኖረ ሰው ደንግጦ በአንድ ቀን አይሩጥ፤ ሐኪም ያማክር፣ ከአቅራቢያው ይጀምር፣ ማውራት በሚያስችለው እርምጃ ይሂድ፣ ሲያቋርጥም ራሱን ሳይወቅስ ይመለስበት። መራመድ መንገደኛውን ከመንገዱ አያስቀርም። የልጅ ልጃችንን በስሙ የምንጠራበት ጊዜ ግን ሊያተርፍልን ይችላል።

እርስዎ ይህን ሲያነቡ ተቀምጠው ይሆናል። ቀና ብለው በመስኮትዎ ይመልከቱ፦ የእርስዎ መንገደኛ አሁን የት ደርሷል?